ጉንጭ ላይ ታይት ጃንክሽን አለ ወይስ የለም? ጀመዓ ግራ ገብቶኛል

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ጀመዓ እንዴት ናችሁ። ደሴ ነኝ፣ ጤና ሳይንስ 3ኛ ዓመት። ሐሙስ ፕሪዘንቴሽን አለብን፣ ርእሱ የኤፒተልየም ባሪየር ነው (ሰውነትን ከውጭም ከውስጥም የሚሸፍነው የሴል ንጣፍ እንዴት እንደሚከላከል ማለት ነው)፣ ሌሎቹ ግሩፖች አንጀት ኩላሊት ምናምን ደርሷቸው ስእሉን ከመጽሐፍ ገልብጠው ተገላገሉ እኛ ግን አፍ ደረሰን እና ሦስት ቀን ሙሉ ያው ቦታ ላይ ቆመናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተማርነው ታይት ጃንክሽን ማለት ጎረቤት ሴሎችን ጫፋቸው ላይ ዙሪያውን አጣብቆ በመሃላቸው ምንም እንዳያልፍ የሚያደርግ የፕሮቲን ቀበቶ ነው፣ ኦክሉዲን አለ ክላውዲን አለ ከውስጥ በኩል ደግሞ ዜድኦ-1 አለ። ስእሉ ግን ሁሌም የአንጀት ነው፣ አንድ ረድፍ ሴል። ጉንጭ እኮ 40 እና 50 ረድፍ ነው! ታዲያ ቀበቶው የቱ ረድፍ ላይ ነው? በየረድፉ ነው እንዴ? አንዱ ጽሑፍ ፕሮቲኖቹ አሉ ይላል፣ ሌላው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ አፍ ላይ ቀበቶው ብርቅ ነው ይላል። ሁለቱም እንዴት ልክ ይሆናሉ?

ሌላ ደግሞ፣ ትናንት ሆጤ ጓደኞቼ ጋ ቁጭ ብለን (እኔ ጫት አልቅምም፣ ለውዝ ነው የምበላው) አንዱ ጉንጩን እንደ ኳስ ወጥሮ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይውጠው ቆየ ከዚያ ወሬው ፈሰሰ። እና ሳየው ምን አሰብኩ፣ ይሄ ሽፋን ያን ያህል የተዘጋ ከሆነ ይሄ ሰውዬ በየት በኩል ነው የመረቀነው?

ቦርከና፦
ለውዝ ነው የምበላው ያልከውን ለእናትህ ንገራት ሃሃሃ

ቁም ነገሩን ስናወራ ግን፣ እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ ሃይስኩል፣ እና አታካብደው በቃ ታይት ጃንክሽን ኤፒተልየም ባለበት ሁሉ አለ። ጉንጭም ኤፒተልየም ነው ስለዚህ አለ። ስላይድህ ላይ የአንጀቱን ስእል አስገባና ደጋግመህ ደርድረው አለቀ። ጫቱን ደግሞ ትንሽ ትንሽ ጭማቂውን እየዋጠ ነው አንተ አላየኸውም እንጂ።

ጥርስና ድድ፦
መምህር ይቅርታ ግን እንደዚያ እንዳያደርግ፣ ፈታኙ የሚያውቅ ሰው ከሆነ ያ ስላይድ ያሳፍረዋል።

የጦሳ ልጅ አብሽር፣ ግራ መጋባትህ ራሱ ልክ ነው። ጥርስ ሐኪም ነኝ ኮምቦልቻ፣ ቀን ቀን ስነቅልና ስሞላ ነው የምውለው ቲዮሪው ትንሽ ዝጎብኝ ይሆናል ግን ይሄን ነገር እወደዋለሁ።

የአንጀትና የአፍ ልዩነት የቆርቆሮ ቤትና የሣር ቤት ልዩነት ነው። ቆርቆሮ አንድ ንጣፍ ነው፣ ስለዚህ ጭንቀቱ ሁሉ መጋጠሚያው ላይ ነው፣ የምስማሩ ቀዳዳና የተደራረበበት ቦታ በደንብ ካልተደፈነ ክረምት ላይ ሌሊቱን ባልዲ ስታዞር ታድራለህ። አንጀትም አንድ ረድፍ ስለሆነ መጋጠሚያውን የሚደፍንለት ነገር ከሌለ አለቀለት፣ ያ ነው ታይት ጃንክሽን። የሣር ክዳን ግን የቱ ጋ ነው የተደፈነው? የትም አልተደፈነም፣ እጅህን ብትሰድበት ይገባል። ዝናብ ግን አይገባም። ላይ ላዩ ይርሳል፣ ከሥር ያለው ሣር ሐምሌ ነሐሴን ደረቅ ሆኖ ይከርማል። ጉንጭህ እንደሱ ነው፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ከላይ ያረጀው እየረገፈ ከታች አዲስ ሴል እየተወለደ ወደ ላይ ይገፋል፣ ከቆዳም በፍጥነት ነው የሚታደሰው። ሴሎቹን እርስ በርስ የሚይዛቸው በዋናነት ዴስሞዞም ነው፣ እሱ ሣሩን ማገሩ ላይ እንደሚያስረው ልጥ በለው፣ ያስራል እንጂ አይደፍንም።

ታዲያ ውሃውን ማን አስቆመው ካልክ ቅባት ነው። ሴሉ ወደ ላይ ሲወጣ ወደ ላይኛው ሲሶ ሲጠጋ በሆዱ የያዛቸውን ጥቃቅን የቅባት ከረጢቶች ወደ ውጭ ይዘረግፋቸዋል፣ ያ ቅባት በሴሎቹ መሃል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ይሄ እንዴት እንደታወቀ ደስ ይላል፣ ስላይድ ላይ የግድ አስገባው፦ ሆርስራዲሽ ፐሮክሲዴዝ የሚባል በማይክሮስኮፕ ዱካው የሚታይ ፕሮቲን አለ፣ እሱን ከላይ ሲቀቡት ከላይኞቹ ሁለት ሦስት ረድፍ አልፎ አልገባም። ከሥር ከሥጋው በኩል ሲሰጡት ግን በሴሎቹ መሃል እየተሽሎከሎከ ወደ ላይ ወጣ ወጣና ቅባቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ቀጥ አለ። በሁለቱም በኩል ያስቆመው ያው ቦታ ነው። የታችኛው ረድፍ ላይ የተደፈነ ነገር ቢኖር ኖሮ ከሥር ሲሰጡት እዚያው በቀረ ነበር።

ሁሉም የአፍ ክፍል አንድ አይደለም ደግሞ። ላንቃህና ድድህ እንጀራና ቆሎ የሚፋጭባቸው ስለሆኑ ኬራቲን (ጥፍር የሚሠራበት ጠንካራ ፕሮቲን) አላቸው፣ ጠንካሮች ናቸው። ጉንጭህ፣ ከንፈርህ ውስጥና ከምላስ ሥር ግን ኬራቲን የላቸውም፣ ከምላስ ሥር ደግሞ በጣም ስስ ነው ከ100 እስከ 200 ማይክሮሜትር ብቻ። የልብ ሕመምተኞች ደረታቸውን ሲይዛቸው ናይትሮግሊሰሪን ከምላሳቸው ሥር የሚያደርጉት በሌላ ምክንያት አይደለም፣ በዚያ በኩል ሾልኮ ጉበትን ሳይነካ በቀጥታ ደም ይገባል፣ በደቂቃዎች ውስጥ።

ባቲ ሰኞ፦
እና ዶክተር ጫቱስ? ሰውዬው የጠየቀውን አልመለስክም እኛም ይመለከተናል

ጥርስና ድድ፦
ሃሃ እሺ። ያ ቅባት የሚያስቆመው ትልልቁንና ውሃ ወዳዱን ነው እንጂ ትንሽ ሆኖ ከቅባት ጋር የሚስማማውን ሞለኪውል አያስቆመውም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ትንሽ ነው። ቅጠሉ ጉንጭ ውስጥ ሲታኘክ ይለቀቃል፣ ምራቁ ያሟሟዋል፣ ሰዓታት ሙሉ እዚያው ሽፋኑ ላይ ተለጥፎ ስለሚቆይ አብዛኛው የሚገባው በአፍ ሽፋኑ በኩል ነው፣ በሆድ አይደለም። ሰዎቹ ሳያጠኑ ያወቁት ነገር ነው፣ ዋጥ ዋጥ ቢያደርጉት እንደዚያ አይሆንላቸውም። የጉንጭ ሽፋን ከቆዳ ጋር ሲወዳደር እንደ ንጥረ ነገሩ ዓይነት ከ4 እስከ 4000 እጥፍ የበለጠ ያሳልፋል ተብሎ ነው የሚገመተው፣ አራትና አራት ሺህ በጣም ሰፊ ልዩነት ነው ግን ምን ያህል ሞለኪውሉ ላይ እንደሚወሰን ያሳይሃል።

ሚጥሚጣም ያው ነው። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ቅባት ወዳድ ነው፣ ሽፋኑን ሰንጥቆ ከሥር ያለው ነርቭ ጋ ይደርሳል። ለዚያ ነው ውሃ ስትጠጣበት የሚብስብህ የሚመስልህ፣ አይብ ስትበላ ግን የሚተውህ።

ፒፔት፦
ዶክተር የሣር ቤቷን ወድጃታለሁ ግን ክላውዲንን እንዲህ ዝም ብለህ ከቤት አታባርረው በአላህ። እኔ ላብ ውስጥ ነው የምሠራው እና ትንሽ ልከራከር።

መጀመሪያ ታሪኩ። ቀበቶውን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተው ስም የሰጡት ፋርኩዋርና ፓላዲ ናቸው እ.ኤ.አ. በ1963። ግን ከምን እንደተሠራ አልታወቀም፣ ዜድኦ-1 እስኪገኝ 1986 ደረሰ፣ ኦክሉዲን ደግሞ 1993 ጃፓን እነ ቱሱኪታ አገኙት። ሁሉም በቃ ቁልፉ ተገኘ አለ። ከዚያ ኦክሉዲን የሌላቸው አይጦች ፈጥረው ሲያዩ ሌላ ሌላ ችግር ቢኖርባቸውም ቀበቶው እንዳለ ቁጭ ብሏል! ዋናው እሱ አልነበረም ማለት ነው። በ1998 ያው ላብ ክላውዲንን አገኘ፣ ስሙ ራሱ ከላቲን ነው መዝጋት ማለት ነው፣ አሁን በአጥቢ እንስሳት ወደ 27 ዓይነት ይቆጠራል። እና ሁሉም ዘጊ እንዳይመስልህ፣ ክላውዲን-2 ለምሳሌ በር ነው፣ ሶዲየምና ውሃ ያሳልፋል። ስለዚህ የጦሳ ልጅ "ክላውዲን በዛ" ማለት "ተዘጋ" ማለት አይደለም፣ የቱ ክላውዲን ነው ብለህ ጠይቅ።

አሁን ክርክሬ። በ2002 ክላውዲን-1 የሌላቸው አይጦች ተወልደው በአንድ ቀን ውስጥ አለቁ፣ ውሃቸው በቆዳቸው ተኖ ደረቁ። ቆዳ እኮ ነው! ብዙ ረድፍ ያለው፣ ኬራቲን ያለው፣ ቅባት ያለው፣ ማለትም ዶክተር እንዳልከው ምርጥ የሣር ክዳን። እና ክላውዲን-1 ሲወጣ ፈሰሰ። ስለዚህ ብዙ ረድፍ ስለሆነ አያስፈልገውም የሚለው አያስኬድም፣ ሣሩ ውስጥም አንድ ቦታ ላይ ፕላስቲክ ተነጥፏል።

የመጀመሪያ ጥያቄህን ግን፣ ሁለቱም ጽሑፍ ልክ ነው። ፕሮቲኑ አለ የሚሉት በአንቲቦዲ ቀለም ቀብተው ነው የሚያዩት፣ ድድ ላይ ክላውዲን-1 ኦክሉዲን ዜድኦ-1 ሁሉም ያበራሉ። ቀበቶው ብርቅ ነው የሚሉት ደግሞ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሁለቱ ሽፋን ተሳስሞ የተጣበቀበትን ቦታ ፈልገው ነው። ግቢህ ውስጥ ቆርቆሮ ተከምሮ አየሁ ማለት ቤትህ ቆርቆሮ ለብሷል ማለት አይደለም፣ ይሄንን ለፈታኙ ካልክ ጨርሰሃል።

ጥርስና ድድ፦
ተሸንፌያለሁ፣ የቆዳዋን አይጥ ረስቻት ነበር። ግን ጉንጭ ላይ ኬራቲን ስለሌለ ቆዳን እንዳለ ወደ አፍ አታምጣው እሺ፣ እዚያ ላይ አሁንም ቅባቱን ነው የማስቀድመው።

ሐይቅ ዳር፦
እኔ ሳይንሱን ብዙም አልገባበትም ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ዶክተር አንቱን ነው። እናቴ ድዷ የተነቀሰ ነው፣ ያኔ ወጣት እያለች ሐይቅ ገጠሩ ላይ ሴቶች ሁሉ ይነቀሱ ነበር፣ በመርፌና በጥላሸት፣ ለውበትም ነው የድድ መድማትን ያቆማል ብለውም ነው። ይኸው 40 ዓመት ሊሆነው ነው አሁንም እንደ ጠዋቱ ጥቁር ሰማያዊ ነው ስትስቅ ያምርባታል ወላሂ። እና አሁን እናንተ ሽፋኑ ቶሎ ቶሎ ይረግፋል ይታደሳል ካላችሁ ንቅሳቱ ለምን አብሮ አልረገፈም?

ጥርስና ድድ፦
ኧረ እህቴ የዚህ ሁሉ ወሬ ምርጡ ጥያቄ ይሄ ነው፣ የጦሳ ልጅ ይሄንንም ስላይድህ ላይ አድርገው የወሎ ልጅ መሆንህ ይታወቅልህ።

አይረግፍም ምክንያቱም ጥላሸቱ ሽፋኑ ውስጥ አይደለም ያለው። መርፌዋ ሽፋኑን በስታ አልፋ ከሥር ያለው ሥጋ ውስጥ ነው የጣለችው። እዚያ ባዕድ ነገር የሚለቅሙ በላተኛ ሴሎች አሉ፣ ጥላሸቱን ይውጡታል ግን ሊፈጩት አይችሉም፣ ይዘውት ይቀመጣሉ። ከላይ ያለው ሽፋን በየጊዜው ሲታደስ እሱ እንደ መስኮት ነው፣ መስታወቱ ይቀየራል ከጀርባ ያለው ቀለም እዚያው ነው። እናትሽ አሁን የምታሳይሽ ድድ ከላይ አዲስ ነው፣ ቀለሙ ነው የ40 ዓመቱ።

ይደማ የነበረውን ያቆማል የሚለው ግን አይደለም፣ ጥቁሩ ቀለም ቅላቱን ስለሚሸፍነው ድዱ የዳነ ይመስላል። ደሞ ያ መርፌ ከሰው ሰው ሲዞር ጉበት የሚያጠቃውን ቫይረስ ሁሉ ይዞ ይዞራል፣ ግንቡን ራስህ በስተህ አስገባኸው ማለት ነው፣ ለልጆችሽ ባታስደርጊው።

ሐይቅ ዳር፦
ኧረ አሁንማ ማን ይነቀሳል ቀረ እኮ። ግን አሁንም ስትፍቅ ትደማለች፣ እሱ ከንቅሳቱ ነው?

ጥርስና ድድ፦
ከንቅሳቱ አይመስለኝም፣ ጥርሱ ሥር ነው። እዚህ ጋ ነው የሣር ቤቷ ምሳሌ የምትጠቅመኝ። የሣር ቤት የሚያፈሰው የት ነው? ሣሩ ላይ አይደለም፣ ጉልላቱ ላይ ነው፣ ምሰሶው ክዳኑን ቀዶ የሚወጣበት ቦታ። አባቶቻችን ለዚያ ነው ገንቦ የሚደፉበት። አፍ ውስጥ ደግሞ ሽፋኑን ቀዶ የሚወጣ ምሰሶ አለ፣ ያውም እስከ 32። ጥርስ ነው። በሰውነት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቦታ ሌላ የለም ማለት ይቻላል።

ጥርሱና ድዱ የሚገናኙበት ላይ ጃንክሽናል ኤፒተልየም የሚባል ቀጭን አንገትጌ አለ፣ ከላይ በኩል ከ15 እስከ 30 ረድፍ ነው፣ ወደ ታች ሲወርድ አንድ ሁለት ሦስት ሴል ብቻ ይቀራል። እና ነገሩ አስገራሚ ነው፣ በጣም አስጊው ቦታ ላይ ኬራቲን የለም፣ ያ የቅባት መከላከያ የለም፣ ዴስሞዞሙ ትንሽ ነው፣ ታይት ጃንክሽንም የለውም ማለት ይቀላል፣ በሴሎቹ መሃል ሰፊ ክፍተት ነው ያለው። ሳይደፈን የተተወ ይመስላል። ግን ክፍተቱ ሥራ አለው፣ በሱ በኩል ከውስጥ ወደ ውጭ ፈሳሽ ሁልጊዜ ይፈስሳል ያጥባል፣ ነጭ የደም ሴሎችም በዚያው ይወጣሉ፣ ጤነኛ አፍ ውስጥ በደቂቃ ወደ 30 ሺህ ገደማ ይገመታል። በር ዘግቶ ከመቀመጥ በሩ ላይ ዘብ ማቆም ነው።

ዘቡ የሚሸነፈው ቆሻሻው ጥርሱ ሥር ሲከማች ነው። ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የምትባል ባክቴሪያ አለች፣ ጂንጂፔይን የሚባል መቀስ የሆነ ኤንዛይም አላት፣ ሴሎቹን የሚያያይዘውን ኢ-ካድሄሪን ትቆርጣለች፣ ኦክሉዲንንም እንደዚያው። ከዚያ መርዟ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ሰውነት ይቆጣል፣ ድዱ ያብጣል ይቀላል፣ ሲነካ ይደማል። እናትሽ የሚደማት ስላፀዳችው አይደለም፣ ብዙ ሰው ደም ሲያይ መፋቅ ያቆማል ያኔ ይብሳል። መፋቂያዋን አትጣይባት፣ ወይራም ይሁን ክትክታ ጫፉን በደንብ አኝካ ካለሰለሰችው በኋላ ድዱና ጥርሱ የሚገናኙበት ላይ ቀስ አድርጋ ትፈቅ፣ የደረቀ እንጨት እየወጋ ራሱ በር ይከፍታል። እና አንዴ ታስጠርግ፣ የደነደነው በመፋቂያም በብሩሽም አይለቅም። ስኳር በሽታ ካለባት ደግሞ ንገሪኝ፣ ያ ነገሩን ይለውጠዋል።

ሐይቅ ዳር፦
የለባትም አልሐምዱሊላህ፣ እወስዳታለሁ። እድሜ ይስጥልኝ ዶክተር

ቦርከና፦
እሺ እኔም ተምሬያለሁ፣ ነገ ክፍል ገብቼ ያለፈውን አስተካክላለሁ ተማሪዎቼ ይስቁብኝ። ግን አንድ ጥያቄ፣ አረቄስ? አረቄ ጠጥተው የሚያጨሱት ላይ ካንሰሩ ይበዛል ሲባል እሰማለሁ ከዚህ ጋር ይያያዛል?

ፒፔት፦
አዎ ይያያዛል። አልኮል ያንን የሴል መሃል ቅባት ያላላዋል፣ ስለዚህ ሽፋኑ የማያሳልፈውን ማሳለፍ ይጀምራል፣ የሲጋራው መርዝ ደግሞ ያንን በር አግኝቶ ይገባል። ለዚያ ነው ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ከየብቻቸው የሚብሱት፣ ሌላም ምክንያት አለ አልኮሉ ራሱ ወደ አሴታልዲሃይድ ሲቀየር ዲኤንኤ ይጎዳል። የዛሬን የአፍ ማጠቢያ ጠርሙስ ብታነቡም አንዳንዱ አልኮል አለበት፣ እሱን ቁስል ያለበት ሰው ባይጠቀም እላለሁ።

የጦሳ ልጅ፦
ጀመዓ ምን ልበላችሁ፣ ስላይዱን እንደ አዲስ ጀመርኩት። ቆርቆሮ ቤት፣ ሣር ቤት፣ ጉልላት፣ ከዚያ የክላውዲን አይጥ፣ ከዚያ ንቅሳት። ኩታበር አያቴ ጋ አሮጌ ሣር ቤት አለ ጉልላቱ ላይ ገንቦ የተደፋበት፣ ቅዳሜ ሄጄ ፎቶ ላነሳ ነበር ግን ፕሪዘንቴሽኑ ሐሙስ ነው ስለዚህ ነገ ከክፍል ቀርቼ እሄዳለሁ። ሐይቅ ዳር የእናትሽን ድድ ፎቶ ብልሽ ነውር ይሆናል አይደል?

ሐይቅ ዳር፦
ነውር ነው። ግን ልጠይቃት፣ ፎቶ ትወዳለች

ባቲ ሰኞ፦
ዶክተር እኔ ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ መስታወት ፊት ሄጄ አፌን ከፈትኩ። ሁሌ የምይዝበት ግራ ጉንጬ ውስጥ ነጣ ብሎ ሸካራ ሆኗል፣ ቀኙ ቀይ ነው። አያመኝም። ምንድነው እሱ?

ጥርስና ድድ፦
የሚቅሙ ሰዎች ላይ በሚይዙበት በኩል የሚታይ ነው፣ ሽፋኑ በየቀኑ ሲፈተግ ሲቃጠል ከርሞ ራሱን ለመከላከል ኬራቲን ያመርታል፣ ጉንጭህ ላንቃ ልሁን እያለ ነው። ብዙ ጊዜ ክፉ አይደለም፣ ስታቆም ሊመለስ ይችላል። ግን በጽሑፍ አይቼ ምንም አይደለም አልልህም፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ነጭም ቀይም ቁስልም በእጅ ተዳስሶ መታየት አለበት። ሰኞ ኮምቦልቻ ና ልየው።

ባቲ ሰኞ፦
ሰኞ እኮ ገበያ ነው ዶክተር ስሜን አላየኸውም እንዴ

ጥርስና ድድ፦
እሺ ማክሰኞ ጠዋት። ሳትቅም ና።